የመሸበት መንገደኛ የት ይደር?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አስጎብኚው ደባርቅ ተወልዶ፣ ዕድሜውን በስሜን ተራሮች መንገድ ላይ ያሳለፈ ጎልማሳ ነው። ተጓዧ ጎንደር ተወልዳ ጄኔቭ የምትኖር፣ የአልፕስ ተራሮችን ከጎጆ ወደ ጎጆ እያደረች የዞረች ሴት ናት። ስሜንን አብረው ተጉዘው ደባርቅ ተመልሰዋል። የሚከራከሩበት ጉዳይ ለአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚሆን ይመስለኛልና እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ተጓዧ፦ ጋሼ፣ ሻይዎን ይጠጡና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሳንቃበር ድንኳን ተከልን፤ ግጭ ላይ ደግሞ ተከልን፤ ጨነቅም እንደዚያው። ጠዋት ይነቀላል፣ ይጠቀለላል፣ በቅሎ ላይ ይጫናል፤ ማታ ይራገፋል፣ ይዘረጋል። ፍራሹ፣ ሽንኩርቱ፣ ጋዙ፣ ድስቱ ሁሉ ከእኛ ጋር ተራራ ይወጣል። በየካምፑ አንድ ደህና ጎጆ ቢኖር ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል?

አስጎብኚው፦ ድካም የምትዪው ነገር የስንት ሰው እንጀራ መሰለሽ! የበቅሎው ባለቤት አለ፣ ጫኙ አለ፣ አብሳዩ አለ። እሱን እንመጣበታለን። መጀመሪያ አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ። መንገዱን ሁሉ "ጎጆ፣ ጎጆ" ስትዪ ነው የከረምሽው።

ተጓዧ፦ የሞን ብላን ዙር ይባላል። ሞን ብላን ከ4,800 ሜትር በላይ የሆነ፣ ጫፉን በረዶ የማይለቀው ተራራ ነው። መንገዱ ግን ጫፉን አይፈልግም፤ ተራራውን ይዞረዋል። 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፈረንሳይ ተነስቶ ኢጣሊያ ይገባል፣ ስዊዘርላንድን ያቋርጥና ተመልሶ ፈረንሳይ ይደርሳል። ሰው እንደ ጉልበቱ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ ቀን ይይዙለታል። ቀኑን ሙሉ ተሄዶ ጉልበት ሊከዳ ሲል ቤት አለ። በማግስቱም እንደዚሁ። ቤቶቹ የተሠሩት የሰው እግር በአንድ ቀን በሚችለው ልክ ተራርቀው ነው።

አስጎብኚው፦ ሦስት አገር በእግር! ድንበሩ ላይስ?

ተጓዧ፦ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ከፈረንሳይ ወደ ኢጣሊያ የሚያሻግረው በር ኮል ደ ላ ሴኝ ይባላል፤ 2,516 ሜትር ነው። ነፋሱ ካልከለከለ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ከኢጣሊያ ወደ ስዊዘርላንድ የሚያሻግረው ግራን ኮል ፌሬ ደግሞ 2,537 ነው።

አስጎብኚው፦ ቆዪ፣ ቆዪ። ትልቁ በር 2,537 ነው?

ተጓዧ፦ ዋናውን መንገድ ለያዘ ሰው አዎ። ጠንከር ያሉ አማራጭ መንገዶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ 2,700 አይሞሉም።

አስጎብኚው፦ እንግዲያው ይህቺ ሻይ የምንጠጣባት ደባርቅ ከሁሉም ትበልጣለች! ደባርቅ እኮ 2,850 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ አውቶቡስ ተራ የቆመ ሰው ከእናንተ ትልቅ በር በላይ ቆሟል። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፤ ጨነቅም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። የቧሂት ጫፍ 4,430 ገደማ ነው፤ ራስ ደጀን 4,500ን ያልፋል። ይህን የምልሽ አገሬን ከፍ ለማድረግ አይደለም። ማደሪያ እንሥራ ከተባለ የመጀመሪያው ጥያቄ ከፍታው ስለሆነ ነው። እዚያ ሰው በቀን ከፍ ብሎ ይሄድና ማታ ዝቅ ብሎ ያድራል። እዚህ የምናድርበት ቦታ ራሱ እናንተ ከምትሻገሩት በላይ ነው።

ተጓዧ፦ እኔ ግን ብዙም አልተሰማኝም።

አስጎብኚው፦ ያልተሰማሽ በእግርሽ ስለወጣሽ ነው። መጀመሪያ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ግጭ፣ ቀጥሎ ጨነቅ። ሰውነት ቀጭኑን አየር ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ማደሪያን ከአንዱ ሌሊት ወደሚቀጥለው ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አሁን መኪና ጨነቅ ድረስ ይገባል። ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ ማታ ጨነቅ የሚያድር ሰው አለ። ጎንደር ከ2,200 ሜትር በታች ናት፤ በአንድ ቀን ወደ 1,500 ሜትር ዘሎ ወጣ ማለት ነው። ሌሊት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ወጣትነትና ጡንቻ ከዚህ አያድንም። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ የሚለው ነው ፈጥኖ የሚወጣውና የሚታመመው። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እዚያው ማረፍ ነው፤ እስኪሻለው ወደ ላይ አንድ እርምጃ የለም። ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር መራመድ አቅቶት ከተንገዳገደ፣ ሌሊትም ቢሆን ማውረድ ነው። ለዚህ ምክር አይጠየቅም፤ ሰዓት አይጠበቅም። ጎጆ ሲኖር ሰው ይቸኩላል ብዬ እፈራለሁ። "ቀጣዩ ቤት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ እንግፋበት" ይላል። ድንኳን የተሸከመች በቅሎ ግን ቀኑን ትለካልሻለች።

ተጓዧ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። መቸኮልን የሚያመጣው መኪናው ነው እንጂ ጎጆው አይደለም። ጎጆ ያለበት አገር ሰው በሰዓት ነው የሚያስበው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በየመገንጠያው ቢጫ ምልክት ተተክሏል፤ ወደሚቀጥለው ቦታ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ተጽፎበታል። ሰው ያንን አይቶ ራሱን ይለካል። እራት የሚቀርበው ለሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሆነ ማንም ሳይመሽበት ለመድረስ በጊዜ ይነሳል።

አስጎብኚው፦ እራት በአንድ ሰዓት? እስቲ ቤቱን ንገሪኝ።

ተጓዧ፦ ሲደርሱ ጫማዎን በር ላይ ያወልቃሉ፤ ጭቃ የነካ ጫማ ውስጥ አይገባም። ለቤት የሚሆን ቀላል ጫማ ይሰጥዎታል፣ ወይም የራስዎን ይዘው ይመጣሉ። የጎጆው ጠባቂ ስምዎን ይጠይቅና አልጋዎን ያሳያል። አልጋ ስል ብዙ ጊዜ ረጅም ቆጥ ላይ ጎን ለጎን የተደረደረ ፍራሽ ነው፤ የማያውቁት ሰው አጠገብዎ ያኮርፋል። ብርድ ልብስና ትራስ አለ። እርስዎ የሚሸከሙት ሰውነትዎን የሚያስገቡበት ቀጭን የአንሶላ ከረጢት ብቻ ነው። እራት ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ምርጫ የለም፤ መጀመሪያ ሾርባ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ፓስታ፣ ሁሉም በአንድ ረጅም ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ይበላል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅም፣ ተማሪውም፣ ጡረታ የወጣችውም ሴት ያንኑ ሾርባ ከአንድ ድስት ይቀዳሉ። አራት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ፣ ብርድ ልብስ ታጥፎ፣ ጉዞ ነው። ጀርባ ላይ የሚኖረው የዝናብ ልብስ፣ የሚቀየር ልብስ፣ ውሃና ቆሎ ብቻ ነው።

አስጎብኚው፦ ሾርባው የሚሠራበት እህል በምን ይወጣል?

ተጓዧ፦ መኪና ከማይደርስባቸው ወደ ብዙዎቹ በሄሊኮፕተር ነው። ቆሻሻውም አንዳንዴ በዚያው ይወርዳል።

አስጎብኚው፦ አየሽ! እናንተ በቅሏችሁ ከሰማይ ይመጣል።

ተጓዧ፦ እውነት ነው፤ እሱን አልደብቅም። ሌላም ችግር አለ። በበጋ ካልተመዘገበ ቦታ አይገኝም፤ ወራት ቀደም ብሎ ነው የሚያዘው። በረዶ ግግሩ እየቀለጠ ውሃ ማጠር የጀመራቸው ጎጆዎችም አሉ። ግን ታሪካቸውን ላጫውትዎ። ሞን ብላን ጫፍ ላይ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1786 ነው፤ ዣክ ባልማ የሚባል የአገሬው ሰውና ሚሼል ፓካር የሚባል ሐኪም። ከዚያ በኋላ ተራራ መውጣት ለአውሮፓ ሰው ትልቅ ነገር ሆነ፤ ማደሪያ ግን አልነበረም። ዋሻና የእረኛ ጎጆ ነበር የሚያድሩት። የስዊዝ የተራራ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1863 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን ጎጆም ቶዲ የሚባል ተራራ ላይ በዚያው ዓመት ሠራ። ዛሬ የዚህ ክበብ ጎጆዎች ብቻ 150 ያህል ናቸው። ፈረንሳይ፣ ኢጣሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ጀርመን ደግሞ የየራሳቸው አሏቸው። ከሁሉ የገረመኝን ልንገርዎ? በክረምት ጠባቂው ቤቱን ዘግቶ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ብዙዎቹ ጎጆዎች አንድ ክፍል ሳይቆለፍ ይተዋሉ። ፍራሽ አለበት፣ ብርድ ልብስ አለበት፣ ምድጃና እንጨት አለበት። በረዶ የያዘው መንገደኛ ገብቶ ያድራል። ሲሄድ ጠርጎ፣ ስሙን መዝገብ ላይ ጽፎ፣ የማደሪያውን ሣጥን ውስጥ ጥሎ ይወጣል። ማንም አያየውም።

አስጎብኚው፦ ይሄማ የኛው ነው! "ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ሲባል "ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ" ነው መልሱ። እግር ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቆረሳል፣ መደብ ላይ ይነጠፋል። ወደ ዋልድባ የሚወርድ ምእመን፣ ገበያ የሚሻገር ነጋዴ፣ ከደብር ደብር የሚዞር የቆሎ ተማሪ፣ ሁሉም ይህን አገር የዞረው እንደዚያ ነው። ተራራው ጎጆ አጥቶ አያውቅም። የአገሬው ሰው ቤት ሁሉ የመንገደኛ ማደሪያ ነበር።

ተጓዧ፦ ታዲያ ዛሬ ለምን ድንኳን?

አስጎብኚው፦ እንግዳው ስለበዛ፣ ገንዘብም ስለገባበት ነው። የእግዜር እንግዳ አንድ ሰው ነው፤ አሥራ ሁለት ፈረንጅ ከነበቅሏቸው ሲመጡ የገበሬው መደብ አይበቃም። ስሜን ደግሞ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከአገራችን ላሊበላና ስሜን ገቡ። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የለም። ያ የተከበረ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተብሎ ተጻፈ። ምክንያቱ ዋልያው መመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽ አፋፉ ድረስ መድረሱ፣ መኪና መንገዱም በመካከሉ ማለፉ ነበር። ከዚያ ዝርዝር ለመውጣት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። በምን ዋጋ እንደወጣ ታውቂያለሽ?

ተጓዧ፦ የግጭን መንደር ማለትዎ ነው።

አስጎብኚው፦ አዎ። ድንኳን ከተከልንበት ራቅ ብሎ ያየሽው የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ የሰው ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከዚያ ተነስቶ ደባርቅ ሰፈረ። ዛሬ ጓሳው ተመልሶ በቅሏል፤ ጭላዳው ያርፍበታል፤ ለዱር አራዊቱ መልካም ሆኗል፤ አልክድም። ግን አያት ቅድመ አያቱ የገብስ ማሳ ያረሱበትን ገበሬ "ለዋልያው ስትል ውጣ" ብለን አስወጥተን፣ በዚያው ቦታ ለእንግዳ ባለ ብዙ ክፍል ቤት እንሥራ ብንል በየትኛው ፊታችን ነው የምናየው? አሁን ደባርቅ ነው ያለው፤ በየቀኑ ያገኘናል።

ተጓዧ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

አስጎብኚው፦ ሌላው እንጨቱ ነው። ጎጆ ምድጃ ይፈልጋል። በ3,600 ሜትር ላይ ያለው እንጨት በአብዛኛው አስታ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሳው እሳት ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ደባርቅ በነቂስ ወጥቶ በቅጠልና በአፈር ነበር ያጠፋው፤ በኋላም ከውጭ ሄሊኮፕተር መጣ። ከዚያ ወዲህ ካምፕ ላይ እንጨት ሲነድ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ተጓዧ፦ ይገባኛል። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ካልመለሱልኝ አልረታም። በሞን ብላን ዙር ላይ ያገኘሁት ሰው ግማሹ የዚያው አገር ሰው ነበር። አያት ከልጅ ልጇ ጋር ትሄዳለች፤ የሠፈር ልጆች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ቀላል ቦርሳ ይበቃቸዋላ! እዚህ በነበርንበት ጊዜ በካምፑ ውስጥ ለመንገድ የመጣ ኢትዮጵያዊ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም የመጣሁት ከውጭ ነው። ጎንደር ያለ መምህር፣ ባሕር ዳር ያለች ነርስ፣ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ እመት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ገደል ለማየት ድንኳን፣ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ በቅሎ፣ አብሳይ፣ አስጎብኚ፣ ጠባቂ ስካውት ማሰናዳት አለበት። ይህ ለአገሬው ሰው የተሠራ መንገድ አይደለም።

አስጎብኚው፦ እውነት ነው። ይህን ስሰማ ይከፋኛል። የዚህ አገር ልጅ ራስ ደጀንን በጂኦግራፊ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ግርጌው ግን አይደርስም። ጅንባር ወንዝ ገደል ሲገባ፣ ከተራራው ላይ ተወርውሮ መሬት ሳይነካ ጭስ ሲሆን አላየም። ጭላዳዎቹ መንጋ ሆነው ሣር እየነጩ አጠገቡ ሲያልፉ፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አላየም። እሱ ከማያየው ነገር ጋር እንዴት ይወዳጃል? እንዴትስ ይጠብቀዋል?

ተጓዧ፦ ታዲያ ጎጆ ይሠራ?

አስጎብኚው፦ ይሠራ፤ ፓርኩ ውስጥ ግን አይደለም። መቄትን ታውቂያለሽ? ከጋሸና በስተምዕራብ ያለው ደጋ፣ ሰሜን ወሎ።

ተጓዧ፦ በስም።

አስጎብኚው፦ እዚያ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተስፋ የሚባል ሥራ ተጀመረ። ገበሬዎቹ በአፋፉ ላይ፣ መቋት ማርያም፣ ዋጀላ በሚባሉ ቦታዎች የድንጋይ ጎጆዎች ሠሩ። የመንደሩ ሰው ራሱ ያስተናግድ፣ ራሱ ያበስል ነበር፤ ከመንደር መንደር ጓዝ የሚወስደው አህያም የመንደሩ ነበር። በአንድ ሌሊት የሚቀበሉት ጥቂት እንግዳ ነበር። ገንዘቡ ለማኅበሩ ገብቶ ገበሬዎቹ እንዴት እንደሚያውሉት ይመክሩበት ነበር። እንግዳው ከአንዱ ጎጆ ወደሌላው ቀኑን በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ልክ እንዳንቺ ሞን ብላን። ወደ ላሊበላ ሲቀርብ አቡነ ዮሴፍ የሚባል ተራራ አለ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በወቅቱ ፈረንጁም ማደሪያ አገኘ፣ ገበሬውም ደስ አለው። ኋላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጋሸና የጦር ሜዳ ነበረች፤ እንግዳ ቀረ። ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር። ጎጆው የገበሬው ሆነ፤ ዋልያ ወይም ቀይ ቀበሮ ከሚኖርበት ሣር ላይ ሳይሆን ሰው ከሚኖርበት መንደር ተሠራ። ለእኔ ልክ ይኼ ነው። ስሜንም ላይ ከቧሂት በር ማዶ፣ መሸሃ ወንዝን ተሻግሮ፣ ራስ ደጀን ግርጌ እንደ አምቢቆ ያሉ መንደሮች አሉ። ከአፋፉ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው በቆላው መንገድም መንደር አለ። እዚያ ቢሠራ ማንም ከመሬቱ አይፈናቀልም፤ ዋልያም አይረበሽም። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ድንኳን ይሁን። ጠዋት የሚነቀል ነገር ይሁን።

ተጓዧ፦ ይህስ ያስማማናል። ግን ጋሼ፣ መቼም ላሳዝንዎ ፈልጌ አይደለም፤ አንድ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ጨነቅ ላይ አመዳይ ጥሎ ድንኳኔ ነጭ ሆኖ ነበር ጠዋት። እኔ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርቤ በርዶኝ ነበር። ስካውቱ የት ነበር? በቅሎ ጫኙ ልጅ የት ነበር?

አስጎብኚው፦ ማብሰያው ጎጆ ውስጥ። እሳቱ ዙሪያ ተጠጋግተን፣ ጋቢ ለብሰን። ቦታ ሲጠብ አንዳንዱ ውጭ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከበቅሎው ጋር።

ተጓዧ፦ በዚያ ብርድ?

አስጎብኚው፦ በዚያ ብርድ። ጫኙ ብዙ ጊዜ የሚጫማው ነጠላ ጫማ ነው፤ ፕላስቲክ ጫማም ካለው ደህና ነው። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው። አንቺ ድንኳንሽ ተተክሎ፣ ሻይሽ ፈልቶ ስትደርሺ እሱ ካንቺ በፊት በሌላ መንገድ ሮጦ ደርሶ፣ አራግፎ፣ በቅሎውን አስግጦ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነው፤ ከጫኝነት። ብርዱን አውቀዋለሁ።

ተጓዧ፦ ቀደም ብለው "ጎጆ ቢሠራ የጫኙ እንጀራ ይቀራል" ሊሉኝ ነበር።

አስጎብኚው፦ ልለው ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ደባርቅ ውስጥ በቅሎ የሚጫነው በተራ ነው። ተራው የደረሰው ሰው ከዚያች ጉዞ የሚያገኘውን ይዞ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ልጅ ያስተምራል። ኮሮናውና ጦርነቱ ተከታትለው መንገዱን ባዶ ባደረጉት ጊዜ ማን እንደተራበ አይቻለሁ፤ ሎጅ ያለው ሰው አልነበረም የተራበው። ስለዚህ በቅሎው ይቅር አልልም። ግን አንቺ ስትዪው ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ስለ ማደሪያ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ እንግዳው ነው። እንግዳውማ ድንኳን አለው፣ ከረጢት አለው፣ ሁሉንም ከፍሎበታል። በዚያ ተራራ ላይ ማደሪያ የሌለው ሰው ጫኙ ነው።

ተጓዧ፦ እንግዲያው የመጀመሪያው ጎጆ ለእሱ ይሠራ።

አስጎብኚው፦ ለእሱ ይሠራ። ለእሱ ሲሆን ትንሽ ነገር ይበቃል። አሁን ማብሰያ ባለበት ቦታ፣ አዲስ መሬት ሳይነካ፣ ነፋስ የማያስገባ ግድግዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ፣ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። እንጨት የማይፈልግ ምድጃ። ይህን ለማድረግ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም፤ የአንድ ዓመት የመግቢያ ገንዘብ ጥቂት እጁ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ጫኙ ደህና ካደረ በማግስቱ በቧሂት በር ላይ ሲወጣ አይደክምም፤ አይታመምም። እንግዳውም ደህና ይሄዳል።

ተጓዧ፦ የሞን ብላን ጎጆ ጠባቂ ይህን ቢሰማ ይስማማ ነበር። እዚያም ቢሆን መንገደኛው የሚያድረው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ገብቶ ሾርባ ስለጣደ ነው፤ ያ ሰው ግን የራሱ ክፍል፣ የራሱ አልጋ አለው።

አስጎብኚው፦ ደግሞ ለወገኖቻችን ይህን ጻፊላቸው፤ ይምጡ። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አልፎ ተራራው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ሙቅ ልብስ ይያዙ፤ ውሃ አፍልተው ወይም አጣርተው ይጠጡ፤ ያመጡትን ቆሻሻ ይዘው ይመለሱ። ከመነሳታቸው በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደባርቅ ያለ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ ካልሆነ አይምጡ፣ ተራራው ይጠብቃቸዋል። መኪና ጨነቅ ድረስ ይወስደናል ብለው አይቸኩሉ። ሳንቃበር ይደሩ፣ በእግራቸው ይውጡ።

ተጓዧ፦ እኔም አንድ ልጨምር። አስጎብኚ ሲይዙ ስለ ዋጋው ይከራከራሉ፣ ስለ ምግቡ ይጠይቃሉ፣ ስለ ድንኳኑ ይጠይቃሉ። ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ በቅሎ ጫኙና ስካውቱ ማታ የት ነው የሚያድሩት? ምን ለብሰው? መልሱ ካላረካቸው ሁለት ተጨማሪ ድንኳንና ብርድ ልብስ እንዲጫን ይጠይቁ፤ ዋጋውንም ይክፈሉ።